ከዱባይ ውል ተላከልኝ፣ የማስተማር ፈቃድ ግን የለኝም፦ ልፈርም ወይስ ልተወው?

ጠመኔ

ሰላም ለሁላችሁ። ሳላንዛዛ ወደ ነገሩ ልግባ። በፊዚክስ ዲግሪ አለኝ። ለላይኛው ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፊዚክስና ሒሳብ ሳስተምር ከአምስት ዓመት በላይ ሆኖኛል። በመምህርነት ግን አልሠለጠንኩም፤ የማስተማር ፈቃድ የሚባለው ወረቀት የለኝም። ባለትዳር ነኝ። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ አለችን።

ውጭ ወጥቼ ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ማስተማር ካሰብኩ ቆየሁ። ሲቪዬን ያልላክሁበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። መልስ የለም፤ "ደርሶናል" የሚል እንኳ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት ታዲያ አንድ ኤጀንት በቴሌግራም አገኘኝና ዱባይ ያለ ትምህርት ቤት ይፈልግሻል አለኝ። ኢንተርቪው የተባለው ከእሱው ጋር ያደረግነው አጭር የስልክ ወሬ ነው። ከትምህርት ቤቱ ማንም አላናገረኝም። ስለ ሥራው የጠየቀኝ አንድ ነገር ቢኖር "ክፍል መቆጣጠር ትችያለሽ?" የሚል ነው። በማግስቱ ውል ላከልኝ።

ውሉ ላይ ያልተዋጡልኝ ነገሮች አሉ። የቪዛ ማስጨረሻ የሚል ክፍያ ከእኔ ይፈለጋል፣ ያውም አስቀድሞ። አንድ ዓመት ሳይሞላኝ ከወጣሁ የቪዛና የትኬት ወጪ እመልሳለሁ ይላል። ቤት ራሴ እከራያለሁ። ስለ ልጄ ትምህርት አንድ መስመር የለም። የመጀመሪያውን ጊዜ በጎብኚ ቪዛ ገብቼ ሥራ እጀምርና "ቪዛው ኋላ ይስተካከላል" ተብያለሁ። ደመወዙ በአንጻሩ አሁን ከማገኘው ጋር ሲተያይ ሰማይና ምድር ነው።

በሦስት ቀን ውስጥ ካልፈረምሽ ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብሎኛል። እንዲህ ያለ ውል የተለመደ ነው? ፈቃድ የሌለው ሰው ሌላ በር አለው ወይስ የመጣውን መያዝ ይሻላል? ያያችሁትን ንገሩኝ፣ አታባብሉኝ።

የበረሃ መምህር

እህቴ፣ አትፈርሚ። እኔ እዚሁ ዱባይ ነው የማስተምረው፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

የኤምሬትስ የሠራተኛ ሕግ (የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 33/2021) የቅጥርና የምልመላ ወጪ የአሠሪው ነው ይላል። ከሠራተኛው በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ መቀበል ክልክል ነው። ስለዚህ "የቪዛ ማስጨረሻ" የሚባለው ገንዘብ ወይ ወደ ኤጀንቱ ኪስ የሚገባ ነው፣ ወይ ትምህርት ቤቱ ሕግ የማያከብር ነው። የትኛውም ቢሆን ለአንቺ አይጠቅምም። ያ "ወጪ እመልሳለሁ" የሚለው አንቀጽም እንደዛው ነው። በሙከራ ጊዜ (ከ6 ወር አይበልጥም) ሥራውን ትተሽ ከአገር ልትወጪ ከፈለግሽ ሕጉ የሚጠይቅሽ የ14 ቀን ማስጠንቀቂያ ነው። እዚያው አገር ወደ ሌላ አሠሪ የምትዛወሪ ከሆነ ደግሞ የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ፤ የምልመላውን ወጪ ለቀድሞው አሠሪ የሚከፍለው አዲሱ አሠሪ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።

ከሁሉም የከፋው ግን የጎብኚ ቪዛው ነው። በጎብኚ ቪዛ መሥራት ሕገወጥ ነው፤ ከተያዝሽ ትምህርት ቤቱ አላውቃትም ሊል ይችላል። በትክክለኛው መንገድ ሲሆን ከመምጣትሽ በፊት ከሰው ኃይል ሚኒስቴሩ ሥርዓት የወጣ የሥራ ቅናሽ ደብዳቤ ይላክልሻል፣ ትፈርሚበታለሽ፣ በዚያ ላይ ተመሥርቶ የመግቢያ ፈቃድ ይወጣል። በኋላ የሚመዘገበው ውል ደግሞ ከደብዳቤው ጋር መመሳሰል አለበት። ኤጀንቱ የላከልሽ በዎርድ የተጻፈ ነገር ከሆነ እሱ ውል አይደለም፣ ወረቀት ነው።

ሌላ ሰው የማይነግርሽን ልጨምር። ደመወዙ ላይ "መሠረታዊ" የሚለው ቁጥር ስንት እንደሆነ እይ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ጠቅላላውን ያሳምረውና መሠረታዊውን ትንሽ አድርጎ ቀሪውን አበል ይለዋል። ይሄ ቀልድ አይደለም፤ ስትለቂ የምታገኚው የስንብት ክፍያ የሚሰላው በመሠረታዊው ላይ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በዓመት የ21 ቀን፣ ከዚያ በላይ ላለው በዓመት የ30 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ። አንድ ዓመት ካልሞላሽ የለም። ስለዚህ ሁለት እኩል የሚመስሉ ደመወዞች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ፓስፖርትሽን ትምህርት ቤቱ ያስቀምጥልሽ ቢሉሽም እምቢ በይ። ያም ክልክል ነው።

የቀድሞ ርዕሰ መምህር

ልጄ፣ ከላይ የተባለው ትክክል ነው። እኔ በሌላ በኩል ልምጣ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለዓመታት ስቀጥር ነበርና ሲቪሽ ለምን ዝም እንደተባለ የምገምተው ነገር አለ።

የሚቀጥር ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ምን ታስተምሪያለሽ፣ በየትኛው ሥርዓተ ትምህርት፣ ፈቃድ አለሽ ወይ። ከሦስቱ የመጀመሪያው አለሽ፤ ያውም ተፈላጊው። ፊዚክስና ሒሳብ አጣምሮ የሚያስተምር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም፣ የስንት ትምህርት ቤት ኃላፊ ራሱን የሚያመው በዚህ ነው። ሦስተኛው የለሽም፣ እሱ ጊዜ ይወስዳል። ሁለተኛውን ግን ከዛሬ ጀምሮ መሥራት ትችያለሽ። አብዛኛው ኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ወይ የካምብሪጅ፣ ወይ የአሜሪካ፣ ወይ አይቢ የሚባለውን (እ.ኤ.አ. በ1968 ጄኔቭ ላይ የተመሠረተውን ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ይዞ ነው የሚሠራው። የካምብሪጅ የፊዚክስ ሲለበስ (የሚሰጠው ትምህርት ዝርዝር) ድረ ገጻቸው ላይ በነጻ አለ፣ ካለፉት ዓመታት ፈተናዎችም ጥቂቱ እዚያው ይገኛል። ውሰጂና ሥሪያቸው። በአይቢ ዲፕሎማ ሒሳብ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ "አናሊሲስ ኤንድ አፕሮችስ"፣ ሌላው "አፕሊኬሽንስ ኤንድ ኢንተርፕረቴሽን"። የፊዚክሱ ትምህርት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ተቀይሯል። ይህን የምታውቅ አመልካችና "ማንኛውንም ሥርዓተ ትምህርት ማስተማር እችላለሁ" ብላ የምትጽፍ አመልካች አንድ አይደሉም። ሁለተኛዋን አልፌያት ነው የምሄደው።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ትምህርት የሚጀመረው በኦገስት መጨረሻ ወይም በሴፕቴምበር ነው። ጥሩ ጥሩዎቹ ትምህርት ቤቶች መምህራኖቻቸውን "በሚቀጥለው ዓመት ትቀጥላላችሁ ወይ?" ብለው የሚጠይቁት ገና በመኸር ነው፤ ከኦክቶበር እስከ ፌብሩዋሪ ባለው ጊዜ ዋናው ቅጥር ያልቃል። በሜይ ሲቪ የምትልክ ሰው የምታገኘው የተረፈውን ነው። የተረፈ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ድንገት መምህር የታመመበት ወይም ቪዛ ያልወጣለት ጥሩ ትምህርት ቤትም ይኖራል። ግን መጠንቀቅ ይገባል።

ስለ ኢንተርቪውሽ ሳነብ ግን አዘንኩ። ከሥራ ብቃትሽ በፊት ስለ ሕፃናት ደህንነት የማይጠይቅ ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አይደለም። ድሮ ልጆችን የጎዳ ሰው አገር እየቀየረ ሌላ ክፍል የሚገባበት ጊዜ ነበር። ይህ ነገር አደባባይ ከወጣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤቶች ማኅበራት አንድ ላይ ሆነው የሕፃናት ጥበቃ ግብረ ኃይል አቋቋሙ፤ የቅጥር አሠራሩ ከዚያ ወዲህ ጠበቀ። አሁን በቁም ነገር የሚሠራ ትምህርት ቤት ከኖርሽበት አገር ሁሉ ከወንጀል ነጻ መሆንሽን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠይቃል። በሲቪሽ ላይ ያለውን ክፍተት "እዚህ ጋ ስምንት ወር የት ነበርሽ?" ብሎ ይጠይቃል። ለአሁኑ ርዕሰ መምህርሽ ራሱ ይጽፋል፣ አንዳንዴም ይደውላል፤ አንቺ ስካን አድርገሽ የላክሽውን የድጋፍ ደብዳቤ ዝም ብሎ አይቀበልም። ማንም ይህን ሳይጠይቅሽ ቀጥሬሻለሁ ካለሽ ልጅሽን እዚያ ታስገቢያለሽ ወይ? እስቲ እሱን አስቢው።

ሻንጣ

ፈቃዱን በተመለከተ እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ሰው በጣም ይሸወዳል።

ፒጂሲኢአይ የሚባል የመምህርነት ኮርስ አለ፣ ብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች በኦንላይን ይሰጡታል። ጥሩ ትምህርት ነው፣ ሲቪ ላይም ያምራል። የማስተማር ፈቃድ ግን አይደለም። ሰዉ ገንዘቡን ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ ነው ይሄን የሚያውቀው። የእንግሊዙ ፈቃድ ኪውቲኤስ ነው የሚባለው። እንግሊዝ ሳትሄጂ እሱን የምታገኚበት መንገድ እ.ኤ.አ. በ2022 የተጀመረው አይኪውቲኤስ ነው፤ እዚያው የምታስተምሪበት ቦታ ሆነሽ፣ የሚከታተልሽ ሰው ተመድቦልሽ የሚሰጥ ሥልጠና። የሚሰጡት ተቋማት በእንግሊዝ መንግሥት የተፈቀደላቸው ብቻ ናቸው፣ ዝርዝሩ የመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ስላለ ሳታዪ እንዳትመዘገቢ።

በአሜሪካ በኩል ደግሞ ሞርላንድ ዩኒቨርሲቲ (ድሮ ቲች ናው ይባል የነበረው) በኦንላይን በ9 ወር የሚያልቅ የመምህራን ዝግጅት ፕሮግራም አለው። ፕሮግራሙን ጨርሰሽ፣ የሚጠየቁትን ፈተናዎች አልፈሽ ለፈቃድ ታመለክቻለሽ። ቻይናና ባሕረ ሰላጤው ውስጥ በዚህ መንገድ የገቡ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ። ለአንቺ አሪፍ የሚሆነው ክፍል ስላለሽ ነው፤ የተግባር ልምምዱን የት ልሥራ ብለሽ አትጨነቂም።

ቻይና እያስተማርኩ ስለሆነ ስለ እሷም ትንሽ ልበል። እንግሊዝኛ ቋንቋ ለማስተማር ፓስፖርትሽ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻ ከሆነባቸው አገሮች ካልሆነ በጣም ይከብዳል። ፊዚክስ ስታስተምሪ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ዲግሪሽ በምታስተምሪው ትምህርት መሆኑና ቢያንስ የ2 ዓመት የሥራ ልምድ መኖሩ ነው የሚታየው። እዚያም ቢሆን ዜድ ቪዛ (የሥራ ቪዛ) ሳይዙ ገብቶ መሥራት አይቻልም፣ "በቢዝነስ ቪዛ ነይ" የሚልሽ ካለ በሩን ዝጊበት። ዲግሪሽና ከወንጀል ነጻ ማስረጃሽ መረጋገጥ አለባቸው። ቻይና እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 7 ቀን 2023 ጀምሮ አፖስቲል (በዓለም አቀፍ ስምምነት ሰነድን በአንድ ማኅተም የሚያረጋግጥ አሠራር) ትቀበላለች። ሰነዱን ያወጣው አገር የስምምነቱ አባል ከሆነ በአንድ ማኅተም ታልፊያለሽ፤ ካልሆነ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ በኩል ያለውን ረጅሙን መንገድ ነው የምትሄጂው። ይሄ ጣጣ ወራት ሊወስድ ይችላልና ሥራ ሳይገኝም መጀመር ይቻላል።

ሌላው፣ ቻይና ውስጥ "ኢንተርናሽናል" የሚል ስም ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የውጭ ዜጋ ልጆችን ብቻ የሚቀበሉ አሉ። የቻይናውያን ልጆች የሚማሩባቸው ባለሁለት ቋንቋ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ አሉ፤ እነዚህኞቹ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ደንብ ምክንያት ከ1ኛ እስከ 9ኛ ክፍል የውጭ መጽሐፍ ማስተማር ተከልክለዋል። አንቺ ከ10ኛ በላይ ስለምታስተምሪ ብዙም አይነካሽም፣ ግን ትምህርት ቤቱ የቱ እንደሆነ ጠይቂ።

እንዳመጣጡ

ሁሉም ሰው ጠብቂ፣ ፈቃድ ያዢ፣ ተማሪ እያለ ነው። እኔ አልስማማም። በእርግጥ ይህኛውን ውል ተዪው፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ምርጡ ትምህርት ቤት እስኪጠራት ቤቷ ትቀመጥ የሚለው ምክር የተመቸው ሰው ምክር ነው።

እኔም ያለ ፈቃድ ነው የወጣሁት። የመጀመሪያው ትምህርት ቤቴ ለትርፍ የተቋቋመ፣ ክፍሉ የታጨቀ፣ ባለቤቱ ወላጅ ባጉረመረመ ቁጥር ውጤት አሻሽሉ የሚል ቦታ ነበር። የላብራቶሪ ዕቃ የሚባል የለም፤ ኤሌክትሪሲቲን በሰሌዳ ላይ ሥዕል ነው ያስተማርኩት። ግን ቪዛው ሕጋዊ ነበር፣ ደመወዙ በወሩ መጨረሻ ይገባ ነበር፣ የሚያስተምሩት ደግሞ አይጂሲኤስኢ (ከእንግሊዝ የመጣው የሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት) ነበር። የሁለት ዓመት ኮንትራቴን ጨርሼ ስወጣ ሲቪዬ ላይ ያች አንዲት መስመር ገባች፣ ፈቃዱንም ማታ ማታ እየተማርኩ ያዝኩ። ሁለተኛው ትምህርት ቤት የቀጠረኝ በእሷ መስመር ነው። አሁን ያለሁበት ቦታ ላይ በቀጥታ አመልክቼ ቢሆን ኖሮ ሲቪዬን ማንም አያነበውም ነበር።

ስለዚህ ጠመኔ፣ መለኪያሽ "ጥሩ ትምህርት ቤት ነው ወይ?" አይሁን። ሕጋዊ ነው ወይ፣ ይከፍላል ወይ፣ የሚታወቅ ሥርዓተ ትምህርት ያስተምራል ወይ፣ በቃ። ሦስቱ ካሉ ጥርስሽን ነክሰሽ ሁለት ዓመት ትችያለሽ።

የበረሃ መምህር

እንዳመጣጡ፣ ብቻህን ነበርክ አይደል የሄድከው? እሷ ልጅ አላት። ጥርስ መንከስ ለአንድ ሰውና ለሦስት ሰው አንድ አይደለም።

ደግሞ "ይከፍላል ወይ" የሚለውን በምን ታውቀዋለህ? አስቀድሞ የሚያረጋግጥ የለም። ቢያንስ ዱባይ ላይ ከሆነ ኬኤችዲኤ የሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በየትምህርት ቤቱ ያወጣው የቁጥጥር ሪፖርት ለማንም ክፍት ነው፤ "እጅግ የላቀ" ከሚለው ጀምሮ እስከ "በጣም ደካማ" ድረስ ደረጃ ይሰጣል። ሪፖርቱ ውስጥ የመምህራን መልቀቅ ከተነሳ እሱን አንብቢ። ከዚያ እዚያ ይሠሩ የነበሩ መምህራንን ሊንክድኢን ላይ ፈልጊና ጻፊላቸው። አሁን ያሉት ፈርተው ላይናገሩ ይችላሉ፤ የለቀቁት ግን ይናገራሉ፣ አንዳንዱማ ማቆሚያ የለውም።

እንዳመጣጡ

አዎ ብቻዬን ነበርኩ። እሱን ልክ ነህ። የለቀቁትን መጠየቅ የሚለውም ጥሩ ነው፣ ግን ተናዶ የለቀቀ ሰው የሚነግርሽን ግማሹን ቀንሺለት።

ተከታይ ባል

የማስተምረው እኔ አይደለሁም፣ ሚስቴ ናት። እኔ ተከትዬ የሄድኩት ነኝ። ይህ ወገን በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ ሁሌ ስለሚረሳ ልጻፍ።

በመጀመሪያ ስለ ልጅሽ። ውሉ ላይ ስለ ልጅ ትምህርት ምንም የለም ማለትሽ ለእኔ ከቪዛው ክፍያ ያልተናነሰ ነገር ነው። የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ክፍያ በጣም ውድ ነው። ልጅሽን በነጻ የሚያስተምር ደመወዙ ዝቅ ያለ ትምህርት ቤት፣ ነጻ ትምህርት ከሌለው ደመወዙ ከፍ ካለ ትምህርት ቤት ሊበልጥ ይችላል፤ ቁጭ ብለሽ ደምሪው። "ነጻ" ሲሉሽም ዝርዝሩን አስጽፊ። ሙሉ ነው ወይስ ግማሽ? የመመዝገቢያ፣ የአውቶቡስ፣ የምሳ፣ የፈተና ክፍያ ይጨምራል? ቦታ ከሌለ ምን ይሆናል? እኛ ይህን ሁሉ ጠይቀን "ቦታ ካለ" የምትል ቃል አግኝተን አስወጥተናል። ያች ቃል እዚያው ብትቆይ ኖሮ ልጃችን አንድ ሴሚስተር ቤት ትቀመጥ ነበር፣ ምክንያቱም በዚያ ዓመት የእሷ ክፍል ሞልቶ ነበር።

ኢንሹራንሱም እንደዚያው ነው። መምህሯን ብቻ የሚሸፍን አለ፤ ቤተሰብ የሚሸፍን አለ። ትኬቱም የሦስታችሁ ነው ወይስ የአንቺ ብቻ? በየዓመቱ ነው ወይስ ስትሄጂና ስትመለሺ?

አሁን ስለ ባለቤትሽ። ብዙ አገር ላይ የጥገኛ ቪዛ የያዘ ሰው መሥራት አይችልም፣ ወይም ለብቻው የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ባሎች ደግሞ (ራሴን ጨምሬ ነው) "ችግር የለም፣ አንድ ነገር አገኛለሁ" እንላለን። ከዚያ ሚስት ጠዋት ትወጣለች፣ ባል ቤት ይቀራል። ጓደኞቿ ከሥራዋ ጋር ይመጣሉ፣ እሱ ግን ማንንም አያውቅም። ሰው የሚተዋወቀው "ምን ትሠራለህ?" ብሎ ነው፤ ለእሷ መልስ አለ፣ ለእሱ የለም። እኛ በዚህ ተጨቃጭቀናል፣ በደንብ ተጨቃጭቀናል። ያዳነን ከመሄዳችን በፊት ከርቀት የምሠራው ሥራ ማስተካከሌ ነው፤ እሱም ሕጉ የሚፈቅድበት አገር ስለነበርን። አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ያውም ከኤጀንቱ ጋር ሳይሆን እርስ በርስ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ትምህርት ቤቶች ሁለቱም መምህር የሆኑ ባልና ሚስት ይወዳሉ። በአንድ ቤትና በአንድ የቤተሰብ ወጪ ሁለት ሠራተኛ ያገኛሉ። አንድ መምህር ከማያስተምር ባልና ልጅ ጋር ሲቀጥሩ ወጪው ይከብዳቸዋል፤ አንዳንዱ ትምህርት ቤት ለዚህ ብሎ ሲቪውን ያልፈዋል። ፍትሕ ነው አላልኩም። ብቻ ዝምታው ሁሉ ከፈቃድ ማጣትሽ የመጣ እንዳይመስልሽ።

ጠመኔ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ጋሼን በተለይ። እንዲህ ብሎ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

ትናንት ለኤጀንቱ "ከሚኒስቴሩ የወጣውን የቅናሽ ደብዳቤ ላክልኝ፣ ከርዕሰ መምህሩም ጋር በቪዲዮ አገናኘኝ" ብዬ ጻፍኩለት። መጀመሪያ "እሱ ከመጣሽ በኋላ ነው" አለ። ሕጉን ስጠቅስለት አንብቦ ዝም አለ። ሦስቱ ቀን አልፏል፣ ቦታውም ለሌላ አልተሰጠም መሰለኝ፤ ዛሬ ጠዋት "ክፍያውን ግማሽ እናድርግልሽ" የሚል መልእክት ላከ። ዘጋሁት።

ከባለቤቴ ጋርም ተነጋገርን። የወሰንነው፣ ፈቃዱን በዚህ ዓመት ልጀምርና በመኸሩ የቅጥር ወቅት በደንብ ላመልክት ነው። እንዳመጣጡ የሚለውም አእምሮዬ ውስጥ አለ፤ ሕጋዊ የሆነ መካከለኛ ትምህርት ቤት ከመጣ እምቢ አልልም፣ የልጄ ነገር ከተጻፈ።

የቀሩኝ ጥቂት ጥያቄዎች አሉ። ጋሼ፣ ፈቃዱ ገና በመማር ላይ እያለሁ ሲቪው ላይ እንዴት ልጻፈው? ሌላው፣ የት ነው የማመለክተው? በቴሌግራም አላደርገውም መቼም። እና ደግሞ ስሄድ ይዤው መሄድ ያለብኝ ገንዘብ ምን ያህል ነው? የመጀመሪያው ደመወዝ መቼ ነው የሚገባው?

የቀድሞ ርዕሰ መምህር

የፕሮግራሙን ስምና የምትጨርሺበትን ወር ጻፊ። "በሂደት ላይ" ብለሽ ብቻ አትተዪው፤ በሂደት ላይ ያለ ነገር ብዙ ነው። የሚጠናቀቅበት ቀን ከኦገስት በፊት ከሆነ ቀጣሪው ፈቃድ ሊያገኝ እንደተቃረበ ሰው ሊያይሽ ይችላል።

ቴስ የሚባለው የእንግሊዝ ድረ ገጽ ላይ ሥራ ማየትና ማመልከት ለመምህር ነጻ ነው። ቲቸር ሆራይዘንስም ከመምህሩ አያስከፍልም። ሌሎች ትልልቅ አገናኝ ድርጅቶችም አሉ፣ ለምዝገባ የሚያስከፍሉም ይገኙባቸዋል። ለምዝገባ መክፈል ለአንድ ሥራ ወይም ለቪዛ ከመክፈል የተለየ ነው፤ ያም ሆኖ ሳትከፍዪ የምታገኚው እያለ አትቸኩዪ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የምትፈልጊያቸውን ትምህርት ቤቶች መርጠሽ በራሳቸው ድረ ገጽ በኩል ማመልከት ነው። ሲአይኤስ ወይም ኒያስክ ወይም ዋስክ (የትምህርት ቤቶችን ጥራት የሚመሰክሩ ድርጅቶች ናቸው) የመሰከረላቸው መሆኑን እዪ፤ ስማቸውን በትምህርት ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን በመስካሪው ድረ ገጽ ላይም ፈልጊው። ዓርማ መለጠፍ ማንም ይችላል።

የማመልከቻ ደብዳቤሽን ለሃያ ትምህርት ቤት አንድ ዓይነት አድርገሽ አትላኪ። ስሙን ረስተሽ የሌላ ትምህርት ቤት ስም የተጻፈበት ደብዳቤ ደርሶኝ ያውቃል፣ ያውም ከጎበዝ መምህር።

በኢንተርቪው ላይ አንድ የሠራሽውን ነገር ተናገሪ። "ተማሪ ተኮር ነኝ" አትበይ። ኒውተንን ያልገባው ልጅ ነበር፣ እንዲህ አደረግኩ፣ ይሄ ሠራ፣ ይሄ አልሠራም በይ። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ተማሪ የፊዚክስ ጥያቄን እንዴት እንደምታቀልዪ ይጠይቁሻል፤ ተዘጋጂ። አንድ ተማሪ ቤት ውስጥ እንደሚመታ ቢነግርሽ ምን ታደርጊያለሽ ብለውም ይጠይቁሻል። ለማንም አልናገርም ብለሽ ቃል አለመግባት፣ የሰማሽውን እንዳለ መመዝገብ፣ በዚያው ቀን ለሕፃናት ጥበቃ ኃላፊው ማሳወቅ። ራስሽ ልትመረምሪ አትሞክሪ።

የበረሃ መምህር

ስለ ገንዘቡ እኔ ልጨርስ። የመጀመሪያ ደመወዝሽ ከገባሽ ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። በኦገስት አጋማሽ ገብተሽ ወሩ መጨረሻ ላይ የግማሽ ወር የሚከፍል አለ፤ የባንክ ሒሳብ እስኪከፈትልሽ ብሎ ወደ ሴፕቴምበር መጨረሻ የሚያሻግርም አለ። ስለዚህ ፊት ለፊት "የመጀመሪያው ክፍያ ቀኑ መቼ ነው? የመቋቋሚያ አበል አለ? በብድር ነው ወይስ በስጦታ?" ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በኢሜይል ይጻፉልሽ።

ቤት ትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ከሆነ የቀለለ ነው። አበል ሰጥቶሽ ራስሽ የምትከራዪ ከሆነ ግን ዱባይ ላይ ኪራይ አብዛኛውን ጊዜ በየወሩ አይደለም የሚከፈለው፤ የዓመቱ ተከፋፍሎ በጥቂት ቼክ ነው፣ መያዣና የደላላ ክፍያም አለው። አበሉ ደግሞ በየወሩ ነው የሚገባልሽ። የዓመቱን አበል አስቀድሞ የሚሰጥ ትምህርት ቤት አለና ይቻላል ወይ ብለሽ ጠይቂ፣ እምቢ ካሉም የመጀመሪያውን ቼክ የሚሸፍን ገንዘብ ሳትይዢ ባልና ልጅሽን ይዘሽ አትምጪ። ብዙዎች መጀመሪያ ብቻቸውን ገብተው፣ መኖሪያ ፈቃዱን ጨርሰው ነው ቤተሰብ የሚያመጡት።

ዲግሪሽን ማረጋገጡን ደግሞ ከዛሬ ጀምሪ። የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀቱንም ጨምሪበት፣ ለቤተሰብ ቪዛ ይፈለጋሉ።